ድምፃችንን ለ28 ዶላር ካናቴራ አንሰጥም

እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ላይ፣ አሜሪካ ፕሬዚዳንቷን ለመምረጥ ወራት ሲቀራት፣ ኧርባን አውትፊተርስ የተባለው የልብስ ኩባንያ አንድ ካናቴራ ለገበያ አቀረበ። ደረቱ ላይ «ድምፅ መስጠት የሽማግሎች ነው» ይላል። ዋጋው 28 ዶላር ነበር። የኩባንያው ደንበኞች ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ ገና ኮሌጅ የገቡ፣ አንዳንዶቹም በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መምረጥ የሚችሉ ልጆች ነበሩ። ካናቴራው የተሰቀለው እነሱ በሚገቡበት ሱቅ፣ የተቆረጠውም በእነሱ ልክ ነው።

ቁጣው ብዙም አልዘገየም። የቀድሞው የአሜሪካ የግብርና ሚኒስትር ዳን ግሊክማን በዚያን ጊዜ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ተቋም ኃላፊ ነበሩ፤ ለኩባንያው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ወጣቶችን በመራጭነት ለማስመዝገብ ደፋ ቀና ይሉ የነበሩ ሰዎችም ድምፃቸውን አሰሙ። ኩባንያው ማንንም ከምርጫ የማራቅ ሐሳብ እንዳልነበረው ተናገረ። የሐሳቡን ነገር ለእሱ እንተውለት። ጽሑፉ ግን የሚለውን ብሏል፤ የተጻፈውም በወጣት ደረት ላይ ነው።

ያ ቁጣ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ያስፈልገናል። ያ መፈክር በአንድ ካናቴራ አልቀረም። በቆብ ላይ፣ በመኪና ተለጣፊ ላይ፣ በስልክ በሚዞሩ አጫጭር ቪዲዮዎች ላይ ቃሉን እየቀያየረ ይመለሳል። «ሁሉም ያው ናቸው» ይላል፤ «ያንተ አንድ ድምፅ ምን ሊፈይድ» ይላል፤ «ብልጥ ሰው ጊዜውን በሰልፍ አያባክንም» ይላል። ይህን ጥሪ የምጽፈው በአሜሪካ ለምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ 18 ዓመት ለሞላቸውና ሊሞላቸው ለተቃረበ ልጆቻችን ነው። አትግዙት። አትልበሱት። አታጋሩት። ይህን አድርጋችሁ ግን አትቀመጡ፤ ቁጣችን በመራጮች መዝገብ ላይ ስም ሆኖ ካልሰፈረ አሸናፊው ካናቴራው ነው።

ያ ካናቴራ በወጣባቸው ወራት ቴክሳስ ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር ልንገራችሁ። ከሂውስተን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ዎለር ካውንቲ ውስጥ፣ ፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1876 የተመሠረተ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ በሚማሩበት ቦታ የመምረጥ መብታቸው ለረጅም ዘመን ሲያከራክር ኖሮ በ1979 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእነሱ የሚበጀውን ውሳኔ አጸና። ያም ሆኖ በ2003 መጨረሻ ላይ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ተማሪዎቹ እንደ ነዋሪ ላይቆጠሩ እንደሚችሉ፣ ሳይገባው የመረጠም ክስ እንደሚጠብቀው አስታወቀ። አስቡት፤ ሕጉ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከጸና ሃያ አራት ዓመት አልፎታል።

ልጆቹ ዝም አላሉም። በጥር 2004 ከግቢያቸው ተነሥተው የካውንቲው ፍርድ ቤት እስከሚገኝባት እስከ ሄምፕስቴድ ከተማ በእግራቸው ተሰለፉ። ፍርድ ቤትም ሄዱ። ባለሥልጣኑ በመጨረሻ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ተማሪዎቹም መረጡ። አብዛኞቹ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ናቸው። እንግዲህ በዚያው ሰሞን አንደኛው ወገን ድምፅ መስጠት ለወጣት አይደለም የሚል ጨርቅ እያተመ ሲሸጥ፣ ሌላው ወገን ደግሞ እነዚያኑ ወጣቶች ድምፅ እንዳይሰጡ በክስ ያስፈራራ ነበር። ሁለቱ ተመካክረው ያደረጉት አይደለም። የሚያደርሱት ግን አንድ ቦታ ነው፤ የምርጫው ቀን ሲመጣ ወጣቱ ቤቱ ይቀራል። ሰው ለምንም የማይረባን ነገር በክስ አይከለክልም። የዎለር ካውንቲው ዛቻ የወጣት ድምፅ ዋጋ እንዳለው ከማንም ስብከት በላይ ይመሰክራል።

ወደ ኋላም ብንሄድ ያው ነው። በ1964 ክረምት ጥቁሮችን በመራጭነት ለማስመዝገብ ሚሲሲፒ ውስጥ ሲሠሩ የተገደሉት አንድሩ ጉድማን 20፣ ጄምስ ቼኒ 21፣ ማይክል ሽወርነር 24 ዓመታቸው ነበር። በመጋቢት 1965 በሴልማ ድልድይ ላይ ፖሊስ ራሱን የፈነከተው ጆን ሉዊስ 25 ዓመቱ ነበር። ዛሬ እኛ ጥቁር ስደተኞች በደቡብ ክልሎች ሳይቀር ያለ ፈተናና ያለ ልዩ ግብር የምንመርጠው እነዚያ ወጣቶች በከፈሉት ነው። ምርጫን የሽማግሎች ነው የሚል ሰው እነሱን ፊት ለፊት ሊያያቸው ይገባል።

የዕድሜ ገደቡ ራሱ እኮ በወጣት ደም ነው ዝቅ ያለው። አሜሪካ የ18 ዓመት ልጅ ለጦርነት ትመለምል ነበር፤ ድምፅ እንዲሰጥ ግን በአብዛኞቹ ክልሎች 21 እስኪሞላው ታስጠብቀው ነበር። የዌስት ቨርጂኒያው ተወካይ ጄኒንግስ ራንዶልፍ ዕድሜው ወደ 18 ዝቅ እንዲል ሐሳብ ማቅረብ የጀመሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1942 ነበር። ሐሳቡ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተንከባለለ። በመጨረሻ የቬትናም ጦርነት ሬሳ ሣጥን ሲያመላልስ፣ ለመዋጋት የደረሰ ለመምረጥም ደርሷል የሚለው ጩኸት አገሩን ሞላው። የሕገ መንግሥቱ 26ኛ ማሻሻያ በመጋቢት 1971 ከኮንግረሱ ወጥቶ በሐምሌ 1 በክልሎቹ ጸደቀ። ከእሱ ፈጥኖ የጸደቀ ማሻሻያ የለም።

ለካናቴራው የተከራከሩለትም ነበሩ። ነገሩ ትችት ነው፤ ፖለቲከኞች ስለ ጡረታና ስለ መድኃኒት ዋጋ ብቻ ያወራሉ፤ ወጣቱን የሚያስታውሰው የለም፤ ካናቴራው የሚናገረው ይህንን እውነት ነው አሉ። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። በታኅሣሥ 2003፣ ካናቴራው ከመምጣቱ ከሁለት ወር ያህል በፊት፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የአረጋውያን መድኃኒት በሜዲኬር እንዲሸፈን የሚያደርገውን ሕግ ፈርመዋል። ለምን ተፈረመ? አረጋውያን በየምርጫው ስለሚወጡ ነው። ዝናብም ሆነ ብርድ፣ በከዘራም ሆነ በተሽከርካሪ ወንበር ይወጣሉ። በዚያው ሰዓት ኢራቅ ውስጥ ከሚዋጉትና ከሚሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ነበሩ። በ2005 ደግሞ ኮንግረሱ የኪሣራ ሕጉን ሲያሻሽል ከግል አበዳሪ የተወሰደ የትምህርት ብድር በኪሣራ እንዳይሰረዝ ማሰሪያውን አጠበቀው። ዛሬ ደመወዙ ገና ሳይደርስ የብድር ክፍያ የሚጠብቀው ልጅ የዚያ ውሳኔ ወራሽ ነው።

ስለዚህ ፖለቲከኛው ወደ ሽማግሌው ማዘንበሉን ያየ ወጣት ደኅና አይቷል። ከዚያ በመነሣት ግን «እንግዲያው እኔ ልቅር» ካለ፣ የበደለውን ሰው ይበልጥ እንዲበድለው እየረዳው ነው። አረጋውያኑ ያገኙት ተለማምጠው አይደለም፤ ተሰልፈው ነው። እነሱን ልናያቸው የሚገባው በምቀኝነት ሳይሆን በተማሪ ዓይን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ስለ ኩባንያው ከተናገርኩት ይልቅ ይህኛው ይከብደኛል፣ ግን ካልተባለ ጥሪው ጎደሎ ነው። እኛ ልጆቻችንን ምን ብለን ነው ያሳደግናቸው? «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ብለን ነው። ይህ ምክር ከሰማይ አልወረደም። በቀይ ሽብር ዘመን ልጁን ቀብሮ ማልቀስ እንኳን የተከለከለ ወላጅ የተወልን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በግንቦት 1997 ዓ.ም. ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን የሰጠ ሕዝብ፣ በወሩ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የፈሰሰውን ደም ሲያይ ደግሞ ያጸናው ነው። ያ ምክር በጊዜውና በቦታው ሕይወት አትርፏል። በፍርሃታቸው የሚፈርድባቸው ሰው እነሱ ያዩትን ያላየ ነው።

ነገር ግን አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ፣ ዳላስ ወይም አትላንታ ተምሮ ለሚያድግ ልጅ ይኸው ምክር ያ ካናቴራ ነው። የሚለብሰው ከሱቅ ገዝቶ ሳይሆን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ነው። ስለዚህም ማውለቁ ይበልጥ ይከብደዋል። እናቶች፣ አባቶች፤ ልጆቻችሁ ስለ ፍርሃቱ ሰምተዋል፤ ስለ ሰልፉ ግን አልሰሙም። ያን የግንቦት ቀን ማለዳ ተነሥታችሁ፣ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆማችሁ እንደመረጣችሁ ንገሯቸው። እግራችሁ አብጦ እንኳን ከሰልፉ እንዳልወጣችሁ ንገሯቸው። ዜግነት ወስዳችሁ ቃለ መሐላ የፈጸማችሁ ዕለት ምን እንደተሰማችሁም ንገሯቸው። ድምፅ መስጠት የሽማግሎች ነው የሚባለውን ነገር ከእናንተ በተሻለ የሚያፈርሰው የለም፤ እናንተ ያንን ቀን የቆማችሁት ወጣት ሆናችሁ ነውና።

«አንድ ድምፅ ምን ሊፈይድ» ለሚለው ደግሞ ሁለት ቁጥር ይበቃል። በ2000 ምርጫ ፍሎሪዳ ውስጥ ስድስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መርጦ፣ ቡሽ አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በዚያ ተወሰነ። በዚያ ምርጫ ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት ዜጎች የመረጡት በመቶ ሠላሳ ስድስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው ወደ ብዙዎቻችን መኖሪያ ይቀርባል። በ2017 በቨርጂኒያ የሕዝብ ተወካዮች ምርጫ፣ በኒውፖርት ኒውስ በኩል ባለው 94ኛው የምርጫ ክልል፣ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በማን እጅ እንደሚሆን በዚያች መቀመጫ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በጥር 2018 ሪችመንድ ውስጥ የሁለቱ ስም በወረቀት ተጽፎ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገባና ዕጣ ወጣ። 51 ለ49 የሆነ አብላጫ በዕጣ! በዚያ ክልል ያን ቀን ከሥራ ሲወጣ ደክሞት ወደ ቤቱ የሄደ አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ ዕጣውን ማስቀረት ይችል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መንግሥት ካናቴራውን ይከልክልልን አልልም። በ1965 አዮዋ ውስጥ የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ታገዱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ለልጆቹ ፈረደ። በ1971ም በጃኬት ላይ የተጻፈ፣ ብዙዎችን ያስቀየመ የፀረ ምልመላ ቃል በሕግ ጥበቃ ሥር ነው አለ። በልብስ መናገር መብት ነው፤ እኛ ስደተኞች ይህን መብት ልንንከባከበው እንጂ ልናጠብበው አይገባም። ኩባንያ ያሻውን ያትም። እኛ ደግሞ ያላሻንን አንገዛም፤ ለምን እንዳልገዛንም ለሱቁ ኃላፊ ፊት ለፊት እንነግረዋለን፤ ለዋናው መሥሪያ ቤትም በስማችንና በፊርማችን እንጽፋለን። ልብስ ሻጭ የሚሰማው ቋንቋ በመደርደሪያው ላይ ያደረ ዕቃ ነው።

የራሳችን ነጋዴዎችም አሉ። በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ ገደማ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ላይ የፊደል ገበታ የታተመበት፣ የአንበሳ ሥዕል ያለበት፣ «ሀበሻ» የሚል ካናቴራ በየድንኳኑ ይሸጣል። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ ከጎኑ አንድ ጠረጴዛ የመመዝገቢያ ቅጽ አኑሩ። ከካናቴራዎቻችሁም በአንዱ ላይ «ተመዝግቤያለሁ» ብላችሁ አትሙ። የፓርቲ ስም አይኑርበት፤ የተወዳዳሪ ስም አይኑርበት። (በነገራችን ላይ የተወዳዳሪ ስም ያለበትን ልብስ ብዙ ክልሎች ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ስለማይፈቅዱ ልጆቹን አስጠንቅቋቸው።) ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችንም ለማንም ወገን ሳያዳሉ ምእመናንን ማስመዝገብ ሕግ ይፈቅድላቸዋል። ካህናትና ኢማሞች አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢናገሩ፣ «ልጆች፣ ከመውጣታችሁ በፊት በበሩ ያለውን ጠረጴዛ እዩ» ቢሉ፣ እኔ ከምጽፈው ገጽ ሁሉ ይበልጣል።

ወጣቶች ሆይ፣ መንገዱ ከምታስቡት አጭር ነው። በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት አብዛኞቹ ክልሎች መንጃ ፈቃድ ስታወጡ በዚያው እንድትመዘገቡ ግድ ተብለዋል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ 16 ዓመት የሞላው ዜጋ አስቀድሞ መመዝገብ ይችላል፤ 18 ሲሞላው ስሙ ይጠብቀዋል። ሚኔሶታ ያላችሁ በምርጫው ዕለት እንኳን መመዝገብ ትችላላችሁ። ቴክሳስ ያላችሁ ግን ከምርጫው 30 ቀን በፊት በሩ ስለሚዘጋ አትዘናጉ፤ እዚያ ዘግይቶ መነሣት አለመነሣት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ በ2013 በከተማ ምርጫዋ የ16 ዓመት ልጆች እንዲመርጡ ከአገሪቱ ሁሉ ቀድማ ፈቅዳለች። በመጀመሪያው ምርጫ ከተመዘገቡት የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ድምፅ የሰጡት በመቶኛ ሲታይ ከአዋቂዎቹ እጅግ በልጠው ተገኙ። ወጣት ምርጫ አይወድም የሚለውን ወሬ ራሳቸው ልጆቹ መልሰውታል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ዜግነት ያልወሰደ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ በፌዴራል ምርጫ እንዳይመዘገብ። በስሕተት የፈረመ እንኳን እስከ መባረር የሚያደርስ ችግር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቅጽ የምታስሞሉ ልጆች ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ። ዜጋ ላልሆነው ደግሞ ሌላ ሥራ አለ፤ መኪና ያለው ሰው ያድርስ፣ ልጅ መያዝ የሚችል ለእናቶች ልጅ ይያዝ፣ ቡና የምታፈላ ለጠረጴዛው ቡና ታፍላ።

ለእንግሊዝኛው ለሚቸገሩ ወላጆቻችንም መላ አለ። የመራጮች መብት ሕግ ማንበብ የማይችል መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ እንዲገባ ይፈቅድለታል፤ ረዳቱ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው እስካልሆነ ድረስ ይበቃል። ልጅ ከአያቱ ጋር ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በዚያው ካናቴራው በወጣበት በ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አወጣች፤ አማርኛም ከተማዪቱ ሰነዶቿን ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ይህ በችሮታ አልመጣም፤ ማኅበረሰቦች ተባብረው ስለጠየቁ ነው። በሌሎች ከተሞችም የምንጠይቀው ቁጥራችን በመራጮች መዝገብ ላይ ሲታይ ነው።

በኅዳር 2004 ምርጫው ሲደርስ ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት ዜጎች ድምፅ የሰጡት ወደ በመቶ አርባ ሰባት ከፍ አሉ፤ ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው በአሥራ አንድ ነጥብ ያህል ማለት ነው። ያን ያመጡት በየግቢው በር ላይ ብዕርና ቅጽ ይዘው የቆሙ እኩዮቻቸው፣ በእግራቸው እስከ ሄምፕስቴድ የሄዱት የፕሬሪ ቪው ልጆችና እንደነሱ ያሉ ናቸው። አሁን ተራው የእናንተ ነው። የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ አንድ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ አንድ እሽግ ብዕርና የክልላችሁን ቅጽ ይዛችሁ በር ላይ ቁሙ። አምስት ሆናችሁ ጀምሩ። ቀድሞ የሚፈርመው ከእናንተ መካከል 18 የሞላው ይሁን፤ ቀጥሎ እናቱን ይጥራት፤ እሷም ጎረቤቷን ትጥራ።